የሰሜን ምሥራቁ ጥግ

«ስለ ጣሪያ ታወራላችሁ፣ ስለ መብራት ታወራላችሁ፤
ሣሩ ምን ይብላ ብሎ የጠየቀ ማናችሁ?»
አለን ኦድቫር፣ የሜዳው አትክልተኛ፣
ጎማ ጫማው ጭቃ፣ ዝናብ ያስረጀው ጉልበተኛ፤
በርገን ላይ፣ ሰባቱ ተራሮች ደመና ደርበው
ዓመቱን ሙሉ ሰማይን በሚያልቡበት ተሰብስበው።

አምስት ነበርን፣ በአንድ ጠረጴዛ፣
ካርቶን እያነሰ፣ ሙጫ እየበዛ።
ለኔ የደረሰኝ የዓይን ሥራ ነው፦
ከፊት ካለው ሰው ራስ በላይ
አሥራ ሁለት ሳንቲም አየር መተው፣
የኋለኛው ኳሷን እስከ ሣሩ እንዲያይ።
ባርኔጣ የደፋው፣ ልጁን ትከሻው ላይ የሰቀለው፣
ጎል ሲገባ ተነሥቶ መቀመጥ የሚረሳው፣
ሁሉም በቁጥር ገባ።
ለአንዲት ደረጃ ቁመት ሦስት ሳምንት ተነታረክን፤
ሁለት ጣት ከፍ ብትል ጣሪያው ከፍ ይላል፣
ጣሪያው ከፍ ሲል ዋጋው፣
ዋጋው ከፍ ሲል የክለቡ ሊቀመንበር ቅንድብ።

ራግንሂልድ ግን የጥላ መሐንዲስ ናት።
ፀሐይን በጣቷ ትገፋታለች፣ ኮምፒውተሯ ላይ፣
ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት።
አንድ ማታ ጥላው ከጣሪያችን ጫፍ ወረደ፣
መንገድ ተሻገረ፣ የትራም ሐዲድ ተሻገረ፣
ዳገቱ ላይ ካለች ቢጫ የእንጨት ቤት ደርሶ ቀረ።
«የማን ናት?»
«የቶርዲስ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ኳስ አትወድም።
በብርዱ ወራት ወጥ ቤቷ ፀሐይ የሚገባው
ለአርባ ደቂቃ ነው። እኛ አርባውንም ወሰድን።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ፦ «ለአርባ ደቂቃ ስምንት መቶ ወንበር?»
ዝም አልን። ዝናቡ ብቻ መስኮቱን ይደበድብ ነበር።
ኦድቫር ከበሩ አጠገብ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ጥጉ ከተዘጋ ነፋስም አይገባ፤
ሣር አትተክሉም፣ ሻጋታ ነው እሚያብብ አበባ።»
ያሸነፈው ርኅራኄ አይደለም። አልዋሽም።
ሻጋታ ነው።

በምላጭ ቆረጥኩት፣ የሰሜን ምሥራቁን ጥግ።
ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ወንበር
ጠረጴዛው ላይ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ፤
ራግንሂልድ በመዳፏ ሰብስባ ኪሷ ከተተችው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት፣
ጥጉ እንደጎደለ፣ ክቡ ሳይገጥም፣
ብርሃኑ በክፍቱ ሾልኮ መጣ
ቢጫዋን ግድግዳ ነካ።
በቋንቋዬ አንድ ሐረግ አለ፣ ለነሱ ያልተረጎምኩት፦
ስንኙ ጎደሎ ነው፤
ቤት ግን መታ።

በመክፈቻው ቀን ከሷ ዘንድ ነበርኩ፣ ከመስኮቱ ሥር።
በክፍቱ በኩል የሚታየው
የሜዳው ግማሽ ነው፣ የወዲያኛው ጎል ብቻ፤
የወዲህኛው በጩኸት ይሰማል፣
ሳህኖቿ ከመደርደሪያው ላይ ሲንቀጫቀጩ።
ቶርዲስ መነጽሯን ጠራርጋ አጥልቃ
ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ቆመች፣ እጇ መጋረጃው ላይ።
በመጨረሻ ወደኔ ዞራ፣
እንደ ትልቅ የዕቅድ ስህተት፣ በቁም ነገር፦
«ያ በረኛ፣» አለችኝ፣
«ከዕረፍት መልስ ለምንድነው ልብሱን የቀየረው?»