አንድ ኢንች፣ አንድ ዓመት

ኡሙ ኸልፋን መጡ ሰነዒያ፣ በቀትር፣
በሻሽ ጠቅልለው የእንጨት ቅርጽ፣ ስብር።
«የአማቴ ነበር» አሉኝ፣ «ለዒድ ብስኩት፣
ቴምሩን በሊጥ ሸፍነን የምናትምበት።
ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ምራቴ ከትታው
አንድ ሆኖ ገብቶ ሁለት ሆኖ ወጣ፤
እሷን ምን እላለሁ? ማሽን ላይ አልቆጣ።»

ገለበጥሁት። ሆዱ አሥራ ስድስት ቅጠል፣
መሃሉ ላይ ኮከብ፣ ምስር የሚያህል፤
ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ ጠቁሯል እንደ ከሰል።
የማን እጅ እንደሆን ስሙ የለበትም፣
ቢላው ግን አንድም ጋ አልተንቀጠቀጠም።
«ትሠራዋለህ?» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው ወዲያው፤
ሥራው አልነበረም፣ እንጨቱ ነው ጣጣው።

አጅማን እንጨት አለ፣ በመርከብ የመጣ፣
በሜትር ኩብ ተለክቶ በፎርክሊፍት የሚወጣ።
ሜራንቲ ቀይ ቆንጆ፣ ሲቀርቡት ወንፊት ነው፣
ሊጡን ቀዳዳው ውስጥ ደብቆ የሚያሻግተው።
ቲክ ቅባት አለበት፣ ብስኩት ላይ ይሸታል፤
ጥድማ ለስላሳ ነው፣ ጥፍርም ይጽፍበታል።
ኤምዲኤፍ የሚሉት ብናኝ በሙጫ ነው፤
እሱን እንጨት ብሎ የጠራው ማነው?

ሺጁ፣ የኬረላው፣ ካጠገቤ የሚልገው፣
«እኛ ጓሮ» አለኝ፣ «የጃክ ግንድ ሞልቶ ነው፣
ወርቅ የመሰለ ቢጫ፣ ሲቀርጹት ቅቤ ነው።»
ጓሮው ባራት ሰዓት በረራ ነው እንጂ
ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ዓርብ ሻርጃ ወረድኩ፣ ጀልባ ከሚፈርስበት፣
የአሮጌ ሳምቡክ ጎድን ከተከመረበት።
በመዶሻ ነካሁት፣ ጆሮዬን ደቀንኩ፤
ደረቅ ነው፣ ይጮኻል። ኪሴን ተመለከትኩ።
ብቀምሰው በምላስ፦ ጨው፣ ዓሣ፣ ናፍጣ፤
የአርባ ዓመት ባሕሩን ማን ከውስጡ ያውጣ?

እርገጤ፣ መላጊያ ያስያዘኝ፣ ኮምቦልቻ፣
ይል ነበር መጋዙን ሲሞርድ ለብቻ፦
«ጠግቦ ያደገ ግንድ ቢላ ላይ ያምፃል፤
ጥም ያየውን ፈልግ፣ እሱ ይታገሣል።»

በሦስተኛው ሳምንት «አጣሁ» ልል ስሄድ
ከግቢያቸው ሰማሁ የሞተር መጋዝ ሲያርድ።
ልጃቸው ለመኪናው ማቆሚያ ቢጠበው
ጓሮ የነበረውን ሲድር ነው የጣለው።
ሲድር ይሉታል እነሱ።
አጎንብሼ አንዱን ካሸዋው ላይ አንሥቼ
ነከስኩት፤
ቁርቁራ!
ቢጫው ያው፣ ጣዕሙ ያው፣ ፍሬው ጥርስ የሚሰብረው።
ጉቶው ላይ ተንበርክኬ ቀለበቱን ቆጠርኩ፣
ጸጉር ነው ቅጥነቱ፣ አርባ ላይ ተሳሳትኩ።
ዝናብ በዓመት ሁለቴ፣ እሱም ካስታወሰ፤
ጥፍሬን ብጭንበት ጥፍሬ ተመለሰ።

ኡሙ ኸልፋን ወጡ። በሩን ተደገፉ።
ዝም ብለው አዩት፣ ከግንድ እስከ ጫፉ።
«ቅጠሉን ለቅሜ አደርቃለሁ እኔ፣
ሬሳዬን ማጠቢያ ይሆናል ለቀኔ።
ግንዱ ያንተ ይሁን።»

መዋሸት አልቻልኩም። «ማማ፣ እርጥብ ነው፤
ዛሬ ብቀርጸው ለዒድ የሚሰነጠቅ ነው።
አንድ ኢንች አንድ ዓመት ይፈልጋል ጥላ።
ቅርጹ ሁለት ኢንች ነው። የኔ ኢቃማ ደግሞ
ስምንት ወር ነው የቀረው።»
«የኔስ?» አሉና ሳቁ፣
ድዳቸው እስኪታይ። «የኔስ መቼ እንደሚያልቅ
ማን ያውቃል? አድርቀው።»

ፈለጥኩት በአራት። ሰም ቀባሁ ጫፍ ጫፉን፣
በከሰል ጻፍኩበት ወሩንና ቀኑን፤
ኤሲው እንዳያገኘው በጆንያ ጠቅልዬ
ካልጋዬ ሥር ከተትኩት።
ስድስት ሰው ነን ክፍሉ ውስጥ፣ ግንዱ ሰባተኛ፤
ኪራይ ባይከፍልም ዝም ብሎ አይተኛ።
ሌሊት ጧ ይላል። ሺጁ ብድግ ይላል፣
«ሄደ?» ይለኛል። ስልኩን ያበራል።
ሁለታችን በሆዳችን፣ አንገታችን ካልጋው ሥር፣
ጫፉን በጣት እንዳብሳለን።
ሰሙ አልተላቀቀም።
ገና ነው። እንተኛለን።