ቀሪ

ሥራዬ ቂሊንጦ ነው፣ ከልብስ ፋብሪካው ጓዳ፣
የሰው ድካም በቁጥር ሲገባ የምቀዳ።
ግድግዳው ላይ አንድ ሰዓት፣ ኮምፒዩተሬ ላይ ሌላ፤
ሁለቱን የምታስታርቅ፣ ከጭንቅላቴ ኋላ
ስድስት የምትባል አንዲት ቁጥር አለች፤
ስትደመር ትውልና ስትቀነስ ታመሻለች።
ማሽኑ «አሥራ ሦስት» ሲል፣ እኔ «ሰባት» እላለሁ፤
በሰባት የመጣውን፣ አሥራ ሦስት እጽፋለሁ።
ለምዶብኝ፣ ማታ ኮዬ ፈጬ፣ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ፣
ከእንቁላሉም ስድስት ልቀንስ እላለሁ ከድካሜ።

ምትኬ የምትባል ልጅ፣ ከሆሳዕና የወጣች፣
ሚስተሩ «በሰባት» ቢላት፣ በሰባት ሰዓት መጣች፤
ምሳዋን በልታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣
መኪናዋ ከማለዳ ክር እንዳጣች ተኝታ።
«ስድስት ሰዓት ዘገየች» ተብሎ ተጻፈ።
እሷ ግን አምስት ደቂቃ ቀድማ ነበር።
ተሳቀ፣ ታለፈ።

ያላሳቀኝ የኡርጌሳ ነገር ነው።

የሌሊት ዘበኛ ነው። በአሥራ ሁለት ይገባል፣
በአሥራ ሁለት ይወጣል፤
መሐል ያለው ሁሉ ለእሱ አንድ ሌሊት ነው፤ ስፌት የለውም።
ማሽኑ ላይ ጣቱን ሦስቴ ይጭናል፤
እርፍ የላጠው ጣት በአንዴ አይነበብም።

የጥቅምት ደመወዝ ሲሠራ ሪፖርቱን አወጣሁ፤
ከስሙ ትይዩ ያለውን አይቼ ደነገጥሁ፦
ሰኞ፦ ቀሪ። ማክሰኞ፦ ቀሪ። ረቡዕ፦ ቀሪ።
ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው፣ ቀሪ!
ነገሩ ሲጣራ፣ ማሽኑ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ
ቀኑን እንደ ጣቃ በመቀስ ይቆርጣል፤
ሰኞ ገብቷል እንጂ አልወጣም፤
ማክሰኞ ወጥቷል እንጂ አልገባም።
ያልወጣ ሰው አይከፈለውም፤
ያልገባም ሰው አይከፈለውም።

አስጠርቼ ነገርኩት። ቆቡን አውልቆ ሰማኝ።
«ቀን በጨለማ የሚለወጠው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ።
«ዜሮ ሰዓት ነው» አልኩት፣ «ቁጥሩ ከዚያ ይጀምራል።»
«ሰዓት ደግሞ እንዴት ብሎ ባዶ ይሆናል?
በዚያ ሰዓት እኮ እኔ ቆሜ ነበር።
ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ጅብ ሲጮህ ነበር።
ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፤ አጥቢያ ደግሞ ገና ሌሊት ነው።
ዶሮ ያልደፈረውን፣ ይህ ዕቃ በምን አውቆ ነው?»

ከዚያ ወረቀቱን አየና ሳቅ አለ፣
«ቀሪ» የምትለውን በጣቱ እየዳሰሰ።
«ይኼስ አልተሳሳተ» አለ።
«ደበላ ካሳውን በልቶ ሄደ፤ ሱፋ ሰበታ ገባ፤
ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም።
ከዚህ መሬት ላይ ሌላ ማን አለ?
ቀሪ ነኝ።»

ምን እመልሳለሁ? ሲስተሙን የዘረጉት ዘንድ ደወልኩ፤
«ሲስተሙ አይቀበልም» አሉኝ።
ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፦
አምስት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ ላይ «ወጣሁ» ብሎ ይፈርማል፤
ስድስት ሰዓት ከአንድ ላይ «ገባሁ» ብሎ ይፈርማል።
ማሽኑ ደስ አለው። ደመወዙም ተከፈለ።
መሐል፣ ሁለት ደቂቃ፣ በየሌሊቱ፣
የማንም ሠራተኛ ያልሆነ ሰው አለ።

«በሁለት ደቂቃ ምን ትሠራለህ?» ብለው፣
«ሽንቴን እሸናለሁ» አለኝ።
የካሜራው ቅጂ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ፦
ዱላውን አጥሩ ላይ ያስደግፋል፤ ቆቡን ያወልቃል፤
የጭነት መኪና ከሚመዘንበት፣ ድሮ ጤፍ ከሚዘራበት
ጀርባውን ለፓውዛው ሰጥቶ ይቆማል።
በሬ መፍቻው መድረሱን እንደሚያይ ገበሬ፣
ተረከዝ ከጣት እያገጣጠመ፣
የገዛ ጥላውን በእግሩ ይለካል።

ሰባት እግር።
ትናንትም ሰባት፣ ከትናንት ወዲያም ሰባት፤
ፓውዛ አያዘቀዝቅም።

ከዚያ ቆቡን ያደርጋል፣ ይመለሳል።
ማሽኑም ሁለቴ እምቢ ይለዋል፤
በሦስተኛው፣ በሴት ድምፅ፣ ያመሰግነዋል።