አምስተኛው ጎማ

ነጭ መኪና ገዛች፤ ነጭ ወዳ አይደለም፣
ጭማሪ ሳይከፍሉ ሌላ ቀለም የለም።
ቀዩ አምስት መቶ፣ ሰማያዊው ስድስት፣
ነጩ ግን በነጻ፤ «እሱን» አለች ድንገት።
ሦስት ሲሊንደር ናት፣ አንድ ሊትር ሞተር፣
የኋላው መስኮቷ በእጅ የሚዞር።
ዳገት ስትጀምር ታጉረመርማለች፣
ሁለተኛ ካሏት ግን እሺ ትላለች።

እኔ መካኒክ ነኝ፣ ወደቡ ጥግ ያለሁ፤
የሰውን አኗኗር ከጎማው አነባለሁ።
የዶሲንዳ ወለል የደረቀ ጨው ነው፣
ከቡትስ ጫማዋ ጠብ ጠብ ብሎ የቀረው።
የጋሊሲያ ባሕር ሲሸሽ፣ ከወገቧ ጎንበስ፣
ዛጎል ለቅማ ለቅማ፣ ውሃው እስኪመለስ፤
አርባ ዓመት በእግሯ፣ ጭነቱን በራሷ፤
አሁን በሃምሳ ስምንት፣ መንጃ ፈቃድ በኪሷ።

በገዛች በሳምንቱ የኋላውን ኮፈን አስከፈተችኝ፤
ምንጣፉን ገልጣ «የታል?» ብላ ጠየቀችኝ።
«ምኑ?»
«አምስተኛው ጎማ!»
አልነበረም። ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ሙጫ፣
ከጎኑ የንፋስ መሙያ፣ የልጅ መጫወቻ የሚያህል ብቻ።
«ያሁን መኪና እንዲህ ነው፤ ክብደት ይቀንሳል፣
ነዳጅ ይቆጥባል።»
«ሙጫ ለጫማ ነው» አለችና ኮፈኑን ዘጋችው፤
ድምፁ ዶሮዎቼን ከጥላው አስነሣቸው።

ደብተር አላት ደግሞ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
እያንዳንዱ ሊትር በእርሳስ የሰፈረ።
«ባለፈው በመቶ ኪሎ ሜትር አራት ነጥብ ዘጠኝ፣
ዛሬ አምስት ነጥብ ሦስት፤ ምን ነክቷት ነው? ንገረኝ!»
ለካሁ፤ ከፊት ግራው ንፋስ ነው የጎደለው።
ነገርኳት። እሱንም ጻፈችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጨው በሌለው ውሃ
ከሥር ታጥባታለች፣ በጀርባዋ ተኝታ።
ላይዋ አቧራ ነው፣ የወፍ ኩስ ነው፤
«ፊቷ ምን ይሆናል? የሚበሰብሰው ሆድ ነው።»

አሥር ሺህ ሲሞላት ዘይቷን ቀየርኩላት፤
«ማኅተም!» አለችኝ። ማኅተም ከየት ላምጣላት?
የዋስትናው መጽሐፍ ባዶ ሣጥን አለው፣
ባዶ ነገር ደግሞ ዶሲንዳን አያስተኛትም፤
ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ማኅተም የሠራሁት ሰው፣
ለአንዲት ነጭ መኪና ስል አስቀረጽኩት።

በገና ሰሞን ነው ዛጎል ዋጋ የሚያወጣው፤
አምስተኛውን ጎማ ያኔ ነው ያመጣችው፣
ከነቸርኬው፣ ከነክሪኩ። ጉድጓዱ ጠበበው፤
ወጥቶ ቁጭ አለ፣ የሁለት ቅርጫት ቦታ ያዘ።
«ይያዝ» አለች።

በየካቲት አንድ ሌሊት፣ ዝናቡ ሲያጓራ፣
ኦብዱሊያ ጭነቷን ይዛ፣ ጨረታው ጎሕ ሳይቀድ ልትደርስ ተጣድፋ፣
(የእሷም ነጭ ናት፤ ሻጩ ለመንደራችን ሦስቱን ነው የሸጠው)
ድልድዩ ላይ ቆመች። ጎማው ተተረተረ፤
ሙጫው በቀዳዳው ወጥቶ አስፋልት ላይ ቀረ።
ደወለች። ለእኔ አይደለም።
ዶሲንዳ መጣች፣ በሌሊት ልብስና በቡትስ ጫማ፤
ብሎኑን ስትፈታ የተሳደበችው ከማዶ ተሰማ፣ ይላሉ።

ጎማው ግን አልተመለሰም።
ከኦብዱሊያ ወደ ሬሜዲዮስ፣ ሚስማር በወጋት ማግስት፤
ከሬሜዲዮስ እንደገና ወደ ኦብዱሊያ፤
ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አላመሰገነ፤
ዝም ብሎ፣ እንደ ሰፈር መሰላል ሆነ።

ዛሬ ሦስቱም ለሰርቪስ መጡ፣ በሬ ላይ ተሰልፈው።
የዶሲንዳ አራቱ ገና ናቸው፤
ያ ከፋብሪካ ያልመጣው፣ ያ በሻጩ ሒሳብ ውስጥ የሌለው፣
ጥርሱ አልቋል፣ ሽቦው ሊታይ ነው።
«አዲሱን በማን ስም ልጻፈው?»
ሦስቱም ቦርሳቸውን ከፈቱ፤
ዶሲንዳ ደብተሯን ጨመረች። «ቆይ፤ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?»
«ጎማ ቆጣሪ የለውም» አልኳት።
እርሳሷን ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ፣ አሰበች፤
ከዚያም መስመሩን ባዶ ትታ፣ ገጹን ገለጠች።