ላሟን ለምን አወጣሃት?

ሠላሳ ስምንት ሰው ቆጠርኩ፣ አስተናጋጇን ጨምሬ፣
በመጋረጃው ሽንቁር፣ በአንድ ዓይኔ አነጣጥሬ።
ሁለቱ ሆኪ ያያሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣
አንዱ ገበሬ ከነካፖርቱ፣ ገና ሳልጀምር ተኝቷል።
ከተማው ሜዲስን ሃት ነው፣ ሲተረጎም «የመድኃኒት ቆብ»፤
ብርዱ ሠላሳ አንድ ነው፣ ከዜሮ ወዲያ ሲታሰብ።
በዚህ ስም ያልቀለደ የለም፣ ሰዎቹን ሰልችቷቸዋል፤
ሳልቀልድበት ባልፍ ደግሞ፣ ናቀን ብለው ይከፋቸዋል።

«ቁም ነገር ያዝ» ይለኝ ነበር አባቴ፤ ግማሹን ሰማሁት፤
«ቁም» ያለውን ያዝኩና፣ «ነገሩን» መንገድ ላይ ጣልኩት።
ቆሜ አወራለሁ፣ ቆሜ እበላለሁ፣ ቆሜ ሒሳቤን እቀበላለሁ፤
ሁለት መቶ ዶላር፣ የዶሮ ክንፍ፤ ከዚያው ለነዳጅ እከፍላለሁ።
ሚስት የለህ ስትል እህቴ፣ «ቆሞ ቀር!» ብላ ሰደበችኝ፤
ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ አንድ ደቂቃ ሳቅ ሰጠችኝ።

መንገዱ ቁጥር አንድ ይባላል፤ ቁጥር ሁለቱን አላየሁም፤
ከብራንደን እስከ ስዊፍት ከረንት፣ አንድም ጠማማ አላገኘሁም።
የኮሮላዬ ማሞቂያ፣ የሚሠራው በስተቀኝ ነው፤
ባዶው ወንበር ይሞቃል፣ ሾፌሩን ነው የሚበርደው።

ልሳነወርቅን ያገኘሁት፣ ብሩክስ፣ ሥጋ ፋብሪካ፤
እሱ ትከሻ ይፈታል፣ እኔ ጎድን እለያለሁ በቢላ።
ማሽኑ ያጓራል፣ ጆሯችን በቢጫ ስፖንጅ ተደፍኗል፤
አፌን ግን ማን ይደፍነዋል?
ስለ ላሟ ቀለድኩ፣ ወደ መታረጃው ስትነዳ፣
ሰልፍ አይታ የተሰለፈች፣ «ቅናሽ አለ እንዴ?» ያለች እንግዳ።
ከንፈሬን አነበበ መሰል፣ ቢላውን አስቀምጦ ነበር፤
ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ እንደ አሮጌ ትራክተር ሞተር።
ተቆጣጣሪው ጻፈብን። ያ የመጀመሪያ ትርኢቴ ነው፤
ታዳሚው አንድ፣ ሽልማቱ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ በየአዳራሹ ቀድሞ ይስቃል፤
እሱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፤ ሳቅም መሪ ይፈልጋል።
በመስከረም፣ ካልጋሪ ሐኪም ቤት፣ ከጉሮሮው ሲያወጡ ዕጢውን፣
እኔ ረጃይና ነበርኩ፣ ሳዝናና የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርን።
«ነገ እደውላለሁ» አልኩ።
ቢያነሳውስ፣ በምን ድምፁ?
ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ጥቅምት፣ ኅዳር።
ስሙ ልሳነወርቅ ነው፤ ይህን ቀልድ እኔ አልሠራሁትም፤
የሠራው የት እንዳለ፣ ብጠይቅም አልነገሩኝም።

ዛሬ መጣ። ሦስተኛው ረድፍ፣ አንገቱ በሻርፕ ተጠቅልሎ።
ጀመርኩ። የመድኃኒቱ ቆብ አለፈ፣ አንድ ሁለት ሰው ፈገግ ብሎ።
ቆሞ ቀሩን ወረወርኩ፤ ዝም። ጆሮዬ እሱን ይጠብቃል፤
ያ እንደ ቆርቆሮ በር የሚንጓጓ ሳቅ፣ ከሠላሳ ስምንቱ ጎድሏል።
ውሃ ጠጣሁ። ማይኩን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወርኩ።
ከዚያ አየሁት፤
ትከሻውን።
ያን ትራክተር።
ድሮስ መቼ ሰማሁት እኔ? ጆሮዬ በስፖንጅ ተወትፎ፣
ሳቁ በዓይኔ አልነበር የገባ፣ የማሽኑን ጩኸት አልፎ?

ማታ ኮሮላዬ አልነሳ አለች፤ ባትሪዋን ብርዱ በልቷል፤
እሱ ከፒካፑ ገመድ አውጥቶ፣ ቀይ ከቀይ ያገናኛል።
«ይቅር በለኝ» ልል አፌን ስከፍት፣ በጓንቱ እጅ ዝም አሰኘኝ፤
በነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ፣ በእርሳስ ቁራጭ ጻፈልኝ፦
«ላሟን ለምን አወጣሃት?»

ገበሬዎቹ እንዳይከፋቸው ነው፣ አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ። ደረሰኙን ነጥቆኝ በጠርዙ ላይ ጨመረ፦
«ያ የተኛው ጎረቤቴ ነው። ከብት ያረባል።
ለእሷ ይነቃ ነበር።»