ቅጽር የሌለው ቅጽ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
በጠባብ ደረጃ ስወጣ፣ ስገባ
ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፤
ሜዲትራንያንን በዓይኔ ሳልደርስበት
የጥንት ሰዎቹን ሸክላ፣ ውልና መቃብር
አርማለሁ ሌሊት።

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቴን ሲያለብስ፣
መብራቱ እልም ሲል፣ ባትሪው ሲያለቃቅስ፣
የምጠብቀው አንድ ነው፤
ከቱኒዝ የመጣው ጽሑፍ፣ የግርጌ ማስታወሻ አርባ አንድ፣
የገጽ ቁጥር ጎድሎታል፤ ያለ ገጽ ቁጥር አይኬድ።

አያ ሙሄ፣ የጋራዡ ጌታ፣ ጎማ እየነፋ፣
«አንዱ ስንት ይሸጣል?» አለኝ። «ነጻ ነው» ስል ፊቱ ከፋ።
«ለሚያነበው?»
«ነጻ።»
«ለሚጽፈውስ?»
«እሱም ነጻ።»
«ታዲያ አንተ በምን ታድራለህ?»
ጠዋት ታሪክ አስተምራለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣
ስድሳ ሁለት ልጅ በሰላሳ ወንበር፣ እኩል በእኩል።
ሳቀ። የዘይት እጁን በጨርቅ እያሸ፦
«በሩን ለማይዘጋ እንግዳ አያጥረው፤
ጣጣው ሳሎኑ የሞላ ለት፣ ሌማቱ ባዶ ሲቀረው።»

ልክ ነው። ቅጽ እንጂ ቅጽር የለኝ፣ ዘበኛ የለኝ፣ መዝጊያ፤
የመጣ ይገባል፣ ከአቴና ይሁን ከባቲ ገበያ።
የባቲው እንድሪስ፣ ዶቃ ሻጩ፣ በስልኩ አንብቦ ኖሮ
ስለ ጥንት መስታወት የወጣውን፣ ፍሬ በፍሬ ቆጥሮ፣
«ሦስተኛው ሥዕል ላይ ያለችው» አለኝ፣
«በመርፌ አልተበሳችም፤ ብረት ላይ ነው የተጠመጠመች።»
ደራሲው ቦሎኛ ነው፤ ላክሁለት፤ ሁለት ወር ዝም አለ።
ከዚያ አንድ መስመር፦ «ሰውየው ልክ ነው።»
ከምስጋናው ግርጌ ስሙን አሰፈርሁ፦
እንድሪስ፣ ዶቃ ነጋዴ፣ ባቲ።

አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ስለ ባሕር ስጠይቀው፣
«ጨው፣ ሙቀት፣ ወረፋ» ይለኛል፤ «ውኃውንማ መቼ አየሁት፤
ጭነት ስጠብቅ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የኖርሁት።»

እሑድ ሐይቅ እወርዳለሁ፤
ግእዙን የሚያዩልኝ መሪጌታ ስነ ክርስቶስ እዚያ ናቸው።
«ሐይቅ» አሉኝ አንዴ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣
«በግእዝ ውኃው አይደለም፤ ዳሩ ነው፤ ውኃ የሚያልቅበት።»
ከዚያ ወዲህ ኅዳጉ ላይ ስጽፍ
ጫማዬ የራሰ ይመስለኛል።

ስድስተኛው ቅጽ የለም።
ያን ጥቅምት ተኩሱ ሲቀርብ ዲስኩን ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበርሁ፤
ስመለስ ጤፉ የለም፣ ጆንያው የለም፤ ዲስኩ ወለል ላይ ቀርቷል፤
የሞተ ሰው ሸክላ ማን ይፈልጋል?
ከአምስት ወደ ሰባት ዘለልሁ።
«ስድስት የት ገባ?» ይሉኛል ቤተ መጻሕፍቱ፣ ዛሬም በየደብዳቤው፤
እስካሁን አልመለስሁም።

ሰባተኛው ላይ ደግሞ የእጄን አገኘሁ።
ሦስት መቶ ዓ.ዓ. የነበረውን ዓ.ም. ብዬው፣
በአንዲት ፊደል፣ አንድ ሸክላ ሠሪ
ስድስት መቶ ዓመት አሻግሬው፤
ምሕረት ሳይመጣ ለሞተ ሰው
ምሕረት ሰጠሁት በስሕተት።
ያየ የለም። አንድ ሳምንት ልተወው አልሁ።
ተኝቼ እነሣለሁ፣ ሰውየው አለ፤
ጭቃውን ያቦካል፣ የሱ ባልሆነ ዘመን።
በስምንተኛው፣ በመጀመሪያው ገጽ፣ «እርማት» ብዬ ጻፍሁ፤
እርሜን አወጣሁ።

ዛሬ መብራት መጣ። ከቱኒዝም መጣ፦ ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት።
ሙሄ ከታች ይጣራል፦
«ስማ! ስለ ጎማ የወጣ የለም ወይ?»
«ስለ ሠረገላ አለ፣ ቅጽ ሦስት።»
«ስንት ነው?»
ብሎ ራሱ ሳቀ።