ማንአህሎሽ

ከጊዮርጊስ በታች፣ ዘንባባው ሲያበቃ
አባቴ የተወልኝ ፎቶ ቤት አለ።
ሁለት መቶ ሺህ ፊት በካርቶን ታሽጎ፤
መዝገቡን ግን አንድ ክረምት ሐይቁ ገብቶ በላው።
ፊት ቀረ፣ ስም ሄደ።

ከፖሊ የተመረቀው የእህቴ ልጅ፣ ይታያል
(ስሙ ነው፣ ይታያል)
ነጋቲቩን ሁሉ ቁጥር አደረገው።
«ማሽኑ ስም አያውቅም» አለኝ፣ «የሚያውቀው ርቀት ነው።
የሚመሳሰል ሁሉ ጎረቤት ይሆናል።
ደግሞ አንድ ባንድ አይፈትሽም፣ መቼ ሊዳረስ!
ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የፈለገ
በጨው ተራ፣ በጌሾ ተራ ምን ያንከራትተዋል?»

ማንአህሎሽ አንድ ሐሙስ መጣች፣
ከዘጌ ጀልባ ወርዳ፣ ጫማዋ እንደራሰ።
ወንድሟ አንማው በደንገል ታንኳ እንጨት ያመላልስ ነበር፤
አንድ ማለዳ ታንኳው ብቻውን ተመለሰ።
«አንዴ እዚህ ተነስቷል፣ በሰው ኮት።»
«በስንት ዓመተ ምሕረት?»
«እኔ እንጃ።»
«መልኩስ?»
በጣቷ የራሷን ፊት አሳየችኝ።

አነሳኋት። ማሽኑ ፊቷን ይዞ ወደ ተራው ገሰገሰ፣
ሳልተነፍስ አሥር ሰው ደረደረ፦
የመሸንቲ ሙሽራ፣ አንድ ወታደር፣ አንዲት መነኩሲት፣
እሷው ራሷ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ።
ስሟ ጥያቄ ነው፤ ማሽኑ መለሰላት፦
እነዚህ።

አንማው የለም።
«ደህና» አለች፣ ደህና ባልሆነ ድምፅ፣
የመጨረሻው ጀልባ እንዳያመልጣት ወጣች።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ቸኩሎ ባለፈው ተራ
ማን ቆሞ ይሆን?
ተነሳሁ። አጎራባቹን ክፈት አልኩት፣
ከዚያም የአጎራባቹን አጎራባች፤
ማራገቢያው እንደ ንብ ቀፎ እየጮኸ።
ወፍ ሲንጫጫ አንድ ሰፈር ደረስኩ፣
ዓይናቸውን የጨፈኑ ብቻ የሰፈሩበት፦
ብልጭታው የቀደማቸው፣
አባቴ «ተበላሽቷል» ብሎ ያላጠበላቸው፣
ለሁለተኛ ፎቶ ሳንቲም ያልነበራቸው።
አንድ ሕፃን፤ አንድ ቄስ፤
ከዚያ ትከሻው የሰፋ ኮት፣
የማንአህሎሽ አገጭ።

እሑድ ተመለሰች። ፎቶውን ብዙ ያዘችው።
«ጨፍኗል» አልኳት፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።
«አይ» አለች፣ «ታንኳ ላይ ፀሐይ ሲመታው
እንዲህ ነበር።»
ቀና አለች።
ከእንቦጩ ወዲያ ውሃው በመስኮት አንፀባረቀ፤
እሷም ጨፈነች።