የሁለተኛው ስንኝ ባለቤት

ከወርቅ ገበያው ጓሮ፣ ናይፍ ከሚሉት ሰፈር፣
የሰው ከንዱራ ስተኩስ፣ ሳጥፍ፣ ቁጥር ስሰፋ፣ ስደረድር፣
ውዬ፣ ሐሙስ ማታ፣ ጣቶቼ በእንፋሎት ቀልተው፣
ሐበሻ ቤት ገባሁ፣ እግሬን ላሳርፈው።
ወንበር ተሳበ፣ ትዕዛዝ ተጮኸ፣ ዓሳ ተጠበሰ፣
ጉሮሮውን እየጠራረገ፣ አንድ ዘፈን ከግድግዳው ፈሰሰ።

የማውቀው ነው።
ከማወቅም አልፎ የወለድኩት፣
ሻርጃ በሰው ቤት ሳለሁ፣ በአስቤዛ ደረሰኝ ጀርባ የጻፍኩት።

«ግጥሙ የማነው?» አልኩት አስተናጋጁን፣ ሰሃን ሲያነሳ።
«የዘፋኙ ነዋ!» አለኝ፤ ቀጥሎም፣ «ሌላ ዓሳ?»

ባለቤቱ ጠንክር ደግ ነው፤ በተቸገረ አይጨክንም፤
ሥራ ያጣች ልጅ ብትመጣ፣ ሳትበላ አትወጣም።
ለጋዙ ይከፍላል፣ ለበረዶው፣ ለዓሳ አጥማጁ፣
ለደጁ መብራት ፈቃድ፣ ለበረሮ ማጥፊያው ልጁ፤
ዘፈኑ ብቻ ነው፣ በነፃ ከሰማይ የመጣ፣
አባት እናት የሌለው፣ ከግድግዳ የወጣ።

እኔም ብሆን ሸጬዋለሁ፤ አልሸሽግም፤ በሦስት ሺህ ብር፣
ለእረፍት አገር ገብቼ፣ ሜክሲኮ አንድ ካፌ፣ ያለ ውል፣ ያለ ምስክር፤
መመለሻ ትኬት ጎድሎኝ፣ ደላላው ሲደውል ቸኩዬ፣
«ስምሽ ሽፋኑ ላይ ይወጣል» ሲለኝ፣ «ይውጣ» ብዬ።
ስሜ አልወጣም።
እኔ ወጣሁ።

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ መልእክት መጣ፣ ከማኅበሩ ቢሮ፤
ገጣሚው፣ ዜመኛው፣ አቀናባሪው፣ ባንድ መዝገብ ተቋጥሮ፣
በየሆቴሉ፣ በየአውቶቡሱ፣ በየሬዲዮው ለሚሰማው፣
ሮያሊቲ ሊሰበስብ፤ ባሕር ማዶ ያለውንም አቻ ማኅበር ሊያስማማው።
መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ፣ ብረቱን ካሸሚዙ ሳነሳ፣ ገባኝ፤
አንድ ሰው ከደጅ ደጅ ቢዞር፣ ለማኝ ይባላል፤
መቶ ሆኖ የመጣ ግን፣ ደረሰኝ ይቆርጣል።

ቅጹን አልጋዬ ላይ ከፈትኩ። ከፎቁ በታች የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይጮሃል።
የሥራው ርዕስ። ዜማ። ቅንብር። ግጥም፤ ድርሻ በመቶ ስንት? ይላል።
መቶ ብዬ ልጽፍ ነበር።
የመጀመሪያው ስንኝ የኔ ነው፤ ሦስተኛውም የኔ፤
ሁለተኛው ላይ ስደርስ፣ አንድ ሰው ተቀመጠ ከጎኔ።

ዙቤይዳ። የኩታበር ልጅ። ከማዳም ማድቤት ኋላ፣
አንድ ፍራሽ የተጋራን፣ የተረፈ ሩዝ ስንበላ፤
ስትስቅ አፏን የምትሸፍን፣ ፊደል ያልቆጠረች፣
አንድ ሌሊት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እንዲህ አለች፦
«ራሱ ጨው የሚጠጣን ባሕር፣ ጠማኝ ብዬ ምን ልንገረው?»
እኔ የሠራሁት ቢኖር፣ በደረሰኝ ጀርባ ማስፈሩን ነው።
ጠንክር ቤት፣ ሰው ማኘኩን ትቶ አብሮ የሚያዜመው፣
እዚያች ላይ ሲደርስ ነው።
ከሦስት ሺው ለሷ ያኖርኩት አምስት ሳንቲም የለም፤
ለእኔም ከግድግዳ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ማን እንዳለው አልጠየቅሁም።

ባለ ድርሻ፦ ዙቤይዳ። በመቶ፦ ሃምሳ።
የአባት ስም፦
ስልክ፦

ለማኅበሩ ጸሐፊ ደወልኩ። «የአባቷን ስም ባላውቅስ?»
«በስሟ ይቀመጣል፣ እስክትገኝ» አለችኝ። «እስከ መቼ? ባትገኝስ?»
መስመሩ ተቆረጠ።

ቅዳሜ ሥራ ገባሁ። ልብስ ሁሉ አንገቱ ሥር ቁጥር አለው፤
መቶ አርባ ሰባት፣ ግራጫ ኮት፣ ላስቲክ ለብሶ ከተሰቀለ፣ ሁለት ዓመት አለፈው፤
ሻፊቅ በየሳምንቱ አቧራውን ያራግፍለታል፣ ማንም ሳያዘው።